መመለሻ የሌለው አፕዴት

ማስታወቂያው የመጣው ዋትስአፕ ሲከፈት ነው። በፈረንሳይኛ የተጻፈና አጭር ነበር፦ ከኦክቶበር 24 ቀን 2022 በኋላ ዋትስአፕ በዚህ ስልክ ላይ አይሠራም፤ እንዲሠራ ከተፈለገ የስልኩ ስርዓተ ክወና ወደ አይኦኤስ 12 ወይም ከዚያ በላይ ማደግ አለበት። እናትየው ቀኑን ወደ ራሳቸው መቁጠሪያ ሲለውጡት ጥቅምት 14፣ የአቡነ አረጋዊ ዕለት ሆኖ አገኙት። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፍተው ቡናቸውን ማፍላታቸውን ቀጠሉ።

የሚኖሩት ጄኔቫ ውስጥ ሰርቬት በሚባለው ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከብዙ ዓመት የሆቴል ጽዳት ሥራ በኋላ ጡረታ ወጥተዋል። አንድ ልጃቸው ዙሪክ ነው። ታናሽ እህታቸው ጎንደር ናት፤ በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ ይደዋወላሉ። እህትየው ስልክ ላይ የምታውቃት አንዲት አረንጓዴ ምልክት ናት፤ እሷን የልጅ ልጇ ጭኖላታል። «ቴሌግራም አስገቢ» ስትባል «አንዱን ያወቅሁት በስንት መከራ ነው» ትላለች። ስለዚህ ጥቅምት 14 አረንጓዴዋ ከጠፋች እሑድም አብራ ትጠፋለች።

በዚህ ላይ ስልኩ የእሳቸው አልነበረም። የባለቤታቸው ነበር።

ባለቤታቸው ደብረ ታቦር መምህር የነበሩ፣ ጄኔቫ ገብተው ግን የማታ ቢሮ ሲያጸዱ የኖሩ ሰው ነበሩ። አይፎን 6 የገዙት እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ በማግሥቱ ዓመት በዐቢይ ጾም ዐረፉ። ስልኩ ገና አዲስ ነበር። ዘመድ ሁሉ የሚያውቀው ቁጥር የዚያ ስልክ ስለነበር ለቅሶውም ሲደርስ በዚያው ደረሰ፤ ሰልስቱም አርባውም ያለፈው ያው ስልክ እየጮኸ ነው። እናትየው የራሳቸውን ትንሽ ስልክ ትተው የባላቸውን ይዘው ቀሩ።

በስልኩ ውስጥ አንድ አፕ ነበር። ዛሬ በአማርኛ ለመጻፍ የቁልፍ ሰሌዳ መጫን የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ያኔ እንዲህ አልነበረም። አፕል ሌሎች ሰዎች የሠሩት የቁልፍ ሰሌዳ በአይፎን ላይ እንዲገባ የፈቀደው በአይኦኤስ 8፣ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2014 ነው። ከዚያ በፊት አማርኛ መጻፍ የፈለገ ሰው የራሱ ፊደል ገበታና የራሱ ወረቀት ያለው አፕ ያወርድና እዚያው ውስጥ ይጽፋል፤ የጻፈውም እዚያው ይቀመጣል። መምህሩ ከእነዚህ አንዱን በቀድሞው ስልካቸው ላይ ጭነው ነበር፤ ወደ አዲሱም አብሮ ተሻገረ። ከሌሊት ሥራ ሲመለሱ ትራም ላይ ተቀምጠው ይጽፉበታል። ሥራቸው ቤት ከነበረው ደብተር ይልቅ ወደዚያ ዞረ።

የጻፉት ድርሰት አይደለም። የማኅበር መዋጮ ማን እንደከፈለ፣ ማን እንዳልከፈለ። የአባታቸው የዘር ሐረግ እስከ ስምንት ቤት። ስም ብቻ የያዙ ገጾችም አሉ፦ በልጅነታቸው ጎረቤት የነበሩ ሰዎች፣ አብረዋቸው ያስተማሩ፣ ከቀይ ሽብር ያልተመለሱ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሙታን መዝገብ ነው፤ በሁለቱም ወገን ያረፈ ዘመድ ሁሉ ያረፈበት ቀን በዓመተ ምሕረት ተጽፎ፣ በየወሩ ተከፍሎ ተቀምጧል። እናትየው ወር በገባ ቁጥር የዚያን ወር ገጽ ከፍተው የማን ሙት ዓመት እንደሆነ ያያሉ፤ ለነፍስ ይማርና ለመዘከሪያ የምትሆን ገንዘብ ወደ ጎንደር ይልካሉ። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖረዋል። ይህን ለልጃቸው አልነገሩትም ነበር፤ ለምን ይነገራል፣ የቤት ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 ጸደይ አንዲት የማኅበር ጓደኛቸው ልጅ ስልኩን ተቀብላ ወደ አይኦኤስ 10.3 አሳደገችው። ያን ቀን አፑ ሲከፈት አዲስ ነገር ተናገረ፦ ሠሪው ካላሻሻለው በቀር ይህ አፕ በሚመጡት የአይኦኤስ ዓይነቶች ላይ አይሠራም። ምክንያቱ የቴክኒክ ነው። አፕል ከ2015 ጀምሮ አፕ ሠሪዎች ሁሉ ከ32 ቢት ወደ 64 ቢት እንዲሻገሩ አስገድዶ ነበር፤ ከአይኦኤስ 11 ጀምሮ ደግሞ ያልተሻገሩትን ጨርሶ አልቀበልም አለ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ተሻገሩ። አንድ አማርኛ ወዳድ በትርፍ ሰዓቱ ሠርቶ በነጻ የለቀቀው የፊደል አፕ ግን ማን ያሻግረው? በየቋንቋው እንዲህ ያሉ የብቻ ሰው ሥራዎች በዚያ መስከረም ተዘጉ፤ ይህን የጻፈ ጋዜጣ ብዙ የለም።

እናትየው 32 እና 64 ምን እንደሆኑ ማወቅ አላስፈለጋቸውም። የገባቸው በቂ ነበር፦ ስልኩ አፕዴት ከተደረገ የባላቸው መዝገብ አይከፈትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ዛሬ ማታ ይጫን?» የሚለው ጥያቄ በመጣ ቁጥር «በኋላ» የሚለውን እየነኩ አምስት ዓመት አሳለፉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ልክ እንደነበሩ አረጋገጠላቸው። በዲሴምበር 2017 የአንድ የስልክ ፍጥነት መለኪያ ሠሪ ዮሐንስ በሉት ጆን ፑል የተባለ ሰው ያወጣው ቁጥር ዓለምን አዳረሰ፤ የቆዩ አይፎኖች ከአንዳንድ አፕዴቶች በኋላ ቀርፋፋ እየሆኑ ነበር። በሁለተኛው ቀን፣ ዲሴምበር 20፣ አፕል አመነ። ባትሪ ሲያረጅ ስልኩ ድንገት ብዙ ኃይል በሚጠይቅበት ሰዓት መስጠት ያቅተዋል፤ ያኔ ስልኩ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ይህን ለመከላከል ተብሎ ስልኩ ራሱን ቀስ እንዲል ታዟል፤ ለባለቤቱ ግን አልተነገረም። ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ፤ የባትሪ መቀየሪያ ዋጋውንም በአሜሪካ ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረደ። ሰው ወደ መደብሮች ጎረፈ።

ገና በዋለ በሁለተኛው ቀን፣ ጃንዋሪ 9 ቀን 2018፣ ዙሪክ ባንሆፍሽትራሰ ላይ ባለው የአፕል መደብር አንድ ሠራተኛ የአይፎን ባትሪ ሲያወጣ ባትሪው ጋለና ጨሰ። የሠራተኛው እጅ በትንሹ ተቃጠለ፤ ወደ ሃምሳ የሚሆኑ ሰዎች ከመደብሩ እንዲወጡ ተደረገ፤ ሰባቱ ሕክምና ተሰጣቸው። መደብሩ ውስጥ የነበሩት ባትሪው ላይ የኳርትዝ አሸዋ ነስንሰው ጭሱን አፈኑት። በዓለም ዜና ላይ የአንድ ቀን ወሬ ነበር። ሰርቬት አራተኛ ፎቅ ላይ ግን ዜናው «ልጄ ያለበት ከተማ» የሚል ስም ነበረውና አልተረሳም። ባትሪውን በቅናሽ የመቀየር ዕድል እንደዚሁ አለፈ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ፤ ያኔ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ስልክን ቀስ የሚያደርገው ትእዛዝ የገባው በአይኦኤስ 10.2.1፣ በጃንዋሪ 2017 ነው። የእሳቸው ስልክ ያደገው ከዚያ በኋላ፣ ወደ 10.3 ነበር። ስለዚህ የፈሩት ነገር አስቀድሞ ስልካቸው ውስጥ ገብቷል። የባትሪውን ጤንነት የሚያሳየው ገጽና ዝግታውን ማጥፊያው የመጡት ደግሞ በማርች 2018 በአይኦኤስ 11.3 ነው፤ እሱን እምቢ ብለዋል። በሴፕቴምበር 2018 የወጣው አይኦኤስ 12 ደግሞ ለእንደነሱ ያሉ የቆዩ ስልኮች ፍጥነት ተብሎ የተሠራ ነበር፤ አፕል በአይፎን 6 ፕላስ ላይ የቁልፍ ሰሌዳው እስከ 50 በመቶ ፈጥኖ እንደሚመጣ ገልጿል። ዝግታን ሸሽተው ከዝግታው ጋር ተቀመጡ ማለት ነው። በዚህ እሳቸውን መውቀስ ግን አይገባም፤ ያልተነገረ ነገር አይታወቅም።

ልጅየው ዙሪክ የትራም ሹፌር ነው። ጄኔቫ ያሉ ሐበሾች «ዙሪክ ነው ያለው» ሲባሉ ኮምፒውተር አዋቂ ይመስላቸዋል፤ ጉግል ትልቅ ቢሮ አለው፣ ታዋቂው ፖሊቴክኒክም እዚያ ነው። የዐፄ ምኒልክ መሐንዲስ የነበረው አልፍሬድ ኢልግም የተማረው በዚያው ፖሊቴክኒክ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1916 የሞተውም ዙሪክ ውስጥ ነው። ልጅየው ግን ከዚህ ሁሉ የሚያውቀው ትራሙ የሚቆምበትን ፌርማታ ነው። ቢሆንም ስለ ስልኩ ከእናቱ ጋር ከተከራከረ ቆይቷል።

የእሱ ክርክር ጤነኛ ነበር። ያልታደሰ ስልክ ቀዳዳው የታወቀ ቤት ነው ይላል። አዲስ አፕዴት ሲወጣ ምን ቀዳዳ እንደደፈነ ኩባንያው ዘርዝሮ ያወጣል፤ ሌባውም ዝርዝሩን ያነባል፤ ያልደፈነ ሰው ቤት የትኛው መስኮት ክፍት እንደሆነ ያውቃል። እናቱ ደግሞ የባንክ ሂሳባቸውን የሚያዩት በዚያው ስልክ ነው። በዚያው ሰሞን፣ ኦገስት 31 ቀን 2022፣ አፕል ስምንት ዓመት ሊሞላው ለተቃረበው አይፎን 6 ሳይቀር አይኦኤስ 12.5.6ን ለቆ ነበር፤ ሰዎች ሳይጠቀሙበት አልቀረም የተባለ ቀዳዳ ለመድፈን። «ይኸው፣ ለአንቺ ብለው ሠርተውልሽ!» አላቸው።

አንድ ጊዜ ግን ተሳስቷል፤ እናቱም አይረሱለትም። በጁን 2020 ስዊስኮቪድ የሚባለው የኮሮና ማስጠንቀቂያ አፕ ሲወጣ የእናቱ ስልክ አልቀበልም አለ። «አፕዴት አድርጊ ስልሽ!» ብሎ ጮኸ። አፑ የሚጠይቀው አይኦኤስ 13.5 ነበር፤ አይፎን 6 ደግሞ ከ12 በላይ አይወጣም። ቢያሳድጉትም ባይሳደጉትም ያው ነበር። የሎዛንና የዙሪክ ፖሊቴክኒኮች ሰዎች በተሳተፉበት፣ ለሕዝብ ሁሉ ተብሎ በተሠራ ነገር ላይ የቆየ ስልክ የያዘ ሰው ቀረ። በብዛት የቆየ ስልክ የሚይዘው ደግሞ ሽማግሌና ድሃ ነው። አፕል ለእነዚያ ስልኮች መንገድ የከፈተው በዲሴምበር፣ በ12.5 ነው።

«እሺ ሌላ ስልክ ልግዛልሽ» አለ ልጅየው በ2022። «ያ እንዳለ ይቀመጥ፤ ዋትስአፑን በአዲሱ አድርጊ።» ምክንያታዊ መፍትሔ ነው፤ ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሰውም እስካሁን ሳያስበው አልቀረም። እናትየው «ሁለት ስልክ ይዤ ሁለት ቤት አላድርም» አሉት። ደግሞም የባትሪው ነገር አለ። ስልኩ ከ30 በመቶ በታች ሲሆን ይጠፋ ጀምሯል፤ ሰባት ዓመት ያገለገለ ባትሪ መሳቢያ ውስጥ አንድ ክረምት ቢያድር ተመልሶ ለመነሣቱ ማንም አይምልም። መዝገቡን እዚያ ውስጥ መተው ራሱ ዋስትና አልነበረም። ልጅየው ይህን ሲሰማ ነው ስለ መዝገቡ መጀመሪያ የሰማው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ መቼ ጠየቅኸኝ፤ አፕዴት አድርጊ ነው የምትለኝ።»

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ተለወጠ። አፕዴት ይደረግ አይደረግ መሆኑ ቀርቶ፣ ከተደረገ በኋላ ምን አይመለስም የሚል ሆነ። አይፎን አዲስ ሶፍትዌር ሲጭን ከአፕል ሰርቨር ፈቃድ ይጠይቃል፤ አዲስ በወጣ በሳምንታት ውስጥ አፕል ለአሮጌው ፈቃድ መስጠት ያቆማል። ከዚያ ወዲያ ወደ ኋላ የለም። ኮምፒውተር ላይ ሙሉ ቅጂ ቢኖር እንኳ ቅጂው የሚመለሰው በአዲሱ ሶፍትዌር ላይ ነው፤ አፑም እዚያ አይከፈትም። የፈረንሳይ የሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት በፌብሩዋሪ 2020 አፕል 25 ሚሊዮን ዩሮ እንዲከፍል ሲያደርግ ዋናው ክሱ አፕዴቱ ስልክ ሊያዘገይ እንደሚችል ለሰው አለመነገሩ ነበር፤ ወደ ቀድሞው መመለስ አለመቻላቸውንም አብሮ አንስቷል። ጣልያንም በ2018 አፕልን 10 ሚሊዮን፣ ሳምሰንግን 5 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥታለች። ከድንበሩ ማዶ ያሉ የሕግ ሰዎች በብዙ ገጽ የጻፉትን እናትየው «መመለሻውን ሳያሳዩኝ አልሄድም» ብለው ሲያስቀምጡት ልጃቸው ግትርነት ይለው ነበር።

ነገሩ ጄኔቫ ላይ መሆኑ ደግሞ የራሱ ቀልድ አለው። እናትየው ከትራም ወርደው ሲሄዱ የሚያልፏቸው መስኮቶች በሰዓት የተሞሉ ናቸው። ሙዚየሙ ፕላንፓሌ አጠገብ ያለው ፓቴክ ፊሊፕ ከ1839 ጀምሮ የሠራውን ማንኛውንም ሰዓት እጠግናለሁ ይላል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሳይነግሡ የተሠራ ሰዓት ዛሬ ወስደህ ብታስቀምጥ ተቀብለው ያዩልሃል። ስምንት ዓመት የሆነው ስልክ ግን በዚያው ከተማ «አሮጌ» ይባላል። ዋጋቸው እንደማይወዳደር የታወቀ ነው፤ ቢሆንም በዚያ መንገድ ለሚመላለስ ሰው ንጽጽሩ በየቀኑ ዓይን ውስጥ ይገባል።

ልጅየው በሴፕቴምበር መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ፈረቃውን ቀይሮ መጣ። ከዙሪክ ዋና ጣቢያ እስከ ኮርናቫን ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ነው፤ በመንገዱ ሁሉ «ኮፒ አድርጎ ለራስ ኢሜይል መላክ፣ አለቀ» እያለ መጣ። እናቱ ሽሮ አቅርበውለት ሳይበላ ስልኩን ያዘ። የመጀመሪያውን ገጽ መረጠ፣ ኮፒ አደረገ፣ ኢሜይል ላይ ለጠፈ። የወጣው አማርኛ አልነበረም። የላቲን ፊደል፣ ነጠላ ሰረዝ፣ የዶላር ምልክት፣ የጥያቄ ምልክት፣ እንደ ገና የላቲን ፊደል።

በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ የሚያውቅ ሰው ይህን መልክ ያውቀዋል። ግዕዝ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በየትኛውም ማሽን «ሀ» የምትሆንበት አንድ የጋራ ቁጥር አላት። ከዚያ በፊት ግን ሁሉም ሠሪ የየራሱን ቁጥር ይሰጣት ነበር፤ ከዚያ በኋላም በልማድ የቀጠሉ ነበሩ። ይህም አፕ እንዲሁ ነው፤ አማርኛ የሚመስለው በራሱ ግድግዳ ውስጥ ብቻ ነው። አንድ ወዳጁ በስልክ «ቁልፉ ከተገኘ መቀየሪያ መጻፍ ይቻላል» አለው። ቁልፉ ያለው ሠሪው ዘንድ ነው። ሠሪውን በአፑ ላይ ባለው አድራሻ ጻፉለት፤ ደብዳቤው «እንዲህ ያለ አድራሻ የለም» ተብሎ ተመለሰ።

ስለዚህ ልጅየው የቀረውን አደረገ፤ እያንዳንዱን ገጽ ከፍቶ የስክሪኑን ፎቶ ማንሣት። ረጅሞቹን ገጾች እየገፋ ሁለት ሦስት ጊዜ ያነሣል። ማታ አራት ሰዓት ሲሆን ሦስት መቶ ያህል ፎቶ ነበረው። ወደ ኮምፒውተሩም ወደ ሌላ ዲስክም ገለበጠ። «ይኸው፤ አሁን ምንም አይጠፋም» አለ። ሥራው ጥሩ ሥራ ነው፤ ይህን ማሳነስ አይገባም።

እናትየው ግን ሰኞ ዕለት ወጥተው ወፍራም ደብተር ገዙ። ፎቶው እንዳለ ሆኖ፣ መዝገቡን በእጃቸው ይገለብጡ ጀመር። ልጃቸው በስልክ «እማዬ፣ ድካም ነው፤ አለ እኮ» ሲላቸው «ደብተር አፕዴት አድርጊኝ አይልም» አሉት። ምክንያታቸው ይህ ብቻ አልነበረም። የወር ገጽ ከፍቶ ስም መፈለግ አንድ ነገር ነው፤ ባል የጻፈውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማንበብ ሌላ ነው። ያን በስድስት ዓመት ውስጥ አድርገውት አያውቁም።

አፑ ገጾቹን የሚደረድረው በመጀመሪያው መስመራቸው ነው። «መዋጮ»፣ «የአባቴ ወገን»፣ «ጥር»፣ «የካቲት»። ከነዚህ መካከል «የባቡር ሰዓት» የሚል አንድ ገጽ ነበር። ልጃቸው መጀመሪያ ወደ ዙሪክ የሄደበት ጊዜ ስለሆነ መምህሩ የመነሻ ሰዓቶችን ጽፈዋል፤ ሦስት መስመር። የማይጠቅም ገጽ ነው፤ ሰዓቱ ከተለወጠ ቆይቷል። እናትየው ግን ሁሉንም እጽፋለሁ ብለዋልና ጻፉት። ከሦስቱ መስመር በታች ባዶ ቦታ አለ፤ ከባዶው በታች እንዲህ ይላል፦ «አክስቷ ዐርፋለች። ኅዳር 9። ከአልጋ እስክትነሣ እንዳይነገራት።»

አክስታቸው ያሳደጓቸው ናቸው። በ2005 ዓ.ም. ኅዳር ላይ እናትየው ከባድ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ተኝተው ነበር። መርዶው የተነገራቸው በየካቲት መጨረሻ ነው፤ የማኅበሩ ሰዎች በማለዳ መጥተው። መቼ ነው ብለው ሲጠይቁ «በቅርቡ» ተባሉ። በየካቲት ገጽ ላይ የአክስታቸው ስም ተጽፎ ስላዩት አሥር ዓመት ሊሞላ ድረስ በየካቲት ሲዘክሩ ኖረዋል። ባላቸው ሦስት ወር ከምናምን ይህን በሆዳቸው ይዘው፣ ሆስፒታል ሲያመላልሷቸው፣ አጥሚት ሲያፈሉላቸው ነበር ማለት ነው። እውነተኛውን ቀን ደግሞ መጣልም መናገርም አልሆነላቸውም፤ ማንም በማይከፍተው ገጽ ሥር አስቀመጡት።

ልጅየው ያነሣው ፎቶ ውስጥ ይህም ገጽ አለ። ሲያነሣው ርዕሱን አይቶ አልፎታል።

እናትየው ያን ቀን ሌላ ገጽ አልጻፉም። ለልጃቸውም አልደወሉም። የቀረውን በሁለት ሳምንት ጨርሰው በጥቅምት 10 «ና አድርገው» ብለው ላኩበት፤ ሥራ ስለነበረበት በስልክ እየመራቸው በራሳቸው እጅ አደረጉት። ቻርጀር ላይ ተሰካ፤ የቤቱ ዋይፋይ ተያዘ፤ «አሁን ጫን» ተነካ። ስክሪኑ ጠቆረ፤ ነጩ ፖም መጣ፤ ከሥሩ ቀጭን መስመር መሙላት ጀመረች። እሳቸው አጠገቡ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘው ቆዩ። አንድ ሰዓት አልሞላም።

ስልኩ ሲነሣ ፈጣን ነበር። አዲስ የተገዛ ያህል አይደለም፤ ከትናንቱ ግን በግልጽ ይለያል። የባትሪው ገጽ ባትሪው መቀየር እንዳለበት ይናገራል፤ ልጅየው በኋላ አንድ ጥገና ቤት ወስዶ አስቀየረላቸው። የአፑ ምልክት በቦታው አለ፤ ሲነካ ግን ሠሪው ማሻሻል አለበት የሚል መልእክት ብቅ ብሎ ይጠፋል። እናትየው ሦስት ጊዜ ነኩት።

ዋትስአፕ ጥቅምት 14 ሠራ፤ 15ም ሠራ። በእሑዱ ጎንደር ደወሉ። እህታቸው ስለ ጤፍ ዋጋና ስለ ጉልበቷ ካወራች በኋላ «አክስቴ ያረፈችው መቼ ነው?» ብለው ጠየቋት።

ትንሽ ዝም አለች። «ኅዳር ነዋ። እኛማ ሁልጊዜም ኅዳር 9 ነው የምናደርገው። የአንቺን የየካቲቱን ብር ሲደርስ ለማርያም እንሰጠው ነበር።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ጋሼ አትንገሩ አለን። ከዚያ እሱም ሞተ።»

በዚያ ዓመት ገንዘቡ ቀድሞ ተላከ፤ ኅዳር 9 ቀን 2015 ዓ.ም. አሥረኛው ዓመት ነበር።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ኢንተርኔትም ተቋረጠ። ለሱ ተብሎ ይህ ሁሉ የተደረገለት ዋትስአፕ በአግባቡ ይሠራል፤ ከመልእክቱ ጎን ግን አንድ ራይት ብቻ ይታያል፤ ሁለተኛው አይመጣም። እናትየው ለወራት በመደበኛው መስመር እየደወሉ፣ ሲያገኙ ሦስት ደቂቃ ያህል እየተነጋገሩ ቆዩ። ደብተሩን ከስልኩ ሥር ያስቀምጡታል፤ የሚነገረው ሁሉ አስቀድሞ በእርሳስ ተጽፎ ይዘጋጃል።

በ2025 ዋትስአፕ ከአይኦኤስ 15.1 በታች ያለውን ሁሉ ተወ። አይፎን 6 ወደዚያ አይደርስም፤ ስለዚህ በዚህ ጊዜ የሚጠየቅ ጥያቄ አልነበረም። ልጅየው ያረጀ የራሱን ስልክ አመጣላቸው፤ ሲሙን ከመምህሩ ስልክ አውጥቶ ወደዚያ አደረገው፤ ቁጥሩ ያው ነው። አሮጌውን ወደ መልሶ መጠቀሚያ ሳጥን ልጣለው ሲል ከእጁ ተቀብለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። አዲሱ ስልክ በሁለተኛው ሳምንት «ዛሬ ማታ ይጫን?» ብሎ ጠየቀ። እናትየው መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ «በኋላ» የሚለውን ነኩና ወደ ዙሪክ ደወሉ።